መስመር ጠፍቶም ሚዛን እንዳይቆም

ከሸሕዲም ከመተማ ዮሐንስም ደጋግማችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «የመጋዘኑን ሒሳብ፣ የገበሬውን ስምና የኩንታሉን መዝገብ ክላውድ ላይ እናድርገው ወይስ እዚሁ ኮምፒውተራችን ላይ ይቆይ?» መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አድርጉት። ነገር ግን መስመር ጠፍቶ ሳምንት ቢቆይ ሰሊጥ መዝናችሁ መረከብ የማትችሉ ከሆነ ገና አልተዘጋጃችሁም።

አድርጉት የምልበት ምክንያት ቀላል ነው። በእኛ ቆላ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በቆርቆሮ መጋዘን ጥግ አቧራ የጠጣ፣ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚጠፋና የሚነሳ ዴስክቶፕ ላይ የዓመት ሒሳብ ማስቀመጥ አያስተማምንም።

ክላውድ ማለት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር በኪራይ መጠቀም ነው። ሰሊጣችሁን ምርት ገበያ መጋዘን ስታስገቡ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፤ ምርቱን የሚጠብቀው መጋዘኑ ነው፣ ደረሰኙን የምትጠብቁት ግን እናንተ ናችሁ። የአማዞንም ሆነ የማይክሮሶፍት ውል እንዲሁ ነው። ማሽኑን፣ መብራቱንና ማቀዝቀዣውን እነሱ ይይዛሉ። ፓስወርዱ፣ ማን ምን እንደሚያይ መወሰኑና ባክአፑ የእናንተ ድርሻ ነው። «ክላውድ ላይ ነው እኮ፣ አይጠፋም» የሚለውን ንግግር ስሰማ የምሰጋው ለዚህ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች መዝገባቸው ላይመለስ ጠፋ።

ከሁሉም በላይ ግን እዚህ ያየሁት ችግር የቁልፍ ነው። አንድ ነጋዴ ሲስተም ሲያስገባ አካውንቱን የሚከፍትለት ኮምፒውተር የሚችል የዘመድ ልጅ ነው። ልጁ በራሱ ጂሜይል፣ በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍተዋል። ክፍያው ደግሞ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ይታሰራል። ሁለት ዓመት በሰላም ይሠራል። ከዚያ ልጁ ሥራ አግኝቶ ከአገር ይወጣል፣ ሲም ካርዱ ይዘጋል፣ የዘመዱ ካርድም ጊዜው ያልፋል። ክፍያ ስላልገባ አካውንቱ ይታገዳል። ነጋዴው ሊገባ ሲል ሲስተሙ ኮድ ይልካል፤ ኮዱ የሚሄደው ማንም ወደማይዘው ቁጥር ነው። የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ለሳምንታት ሲመጣ ቢቆይም ያነበበው የለም። ገንዘቡን ያወጣው፣ ዳታውም የሱ የሆነው ሰው ባለቤትነቱን የሚያስረዳበት አንዲት ወረቀት እንኳ የለውም። ይህ በእውነት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ገና ሲከፈት በአንድ ሰዓት ሥራ የሚስተካከል ነገር ነበር። ኢሜይሉ በድርጅቱ ስም ይሁን፣ የስልክ ቁጥሩ ከድርጅቱ እጅ አይውጣ፣ መግባት የሚችል ሁለተኛ ሰው ይኑር፣ የመጠባበቂያ ኮዶቹ ታትመው ከንግድ ፈቃዱ ጋር ይቆለፉ።

የውጭዎቹ ክላውድ ክፍያ በዶላር ነውና ወደ ዶላሩ ልለፍ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በወር 40 ዶላር የሚከፈልበት ሰርቨር 2,280 ብር ከመሆን ተነስቶ ዶላር 125 ሲገባ 5,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ሰርቨሩ ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው። ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ዶላር ያገኛል፤ እዚሁ ገዝቶ እዚሁ የሚሸጥ ሱቅ ግን ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሰው በብር የሚከፈለውን የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድን፣ ወይም አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ያሉትን እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ ዳታ ሴንተሮች የሚጠቀሙ አገር በቀል አቅራቢዎችን ዋጋ እንዲያወዳድር እመክራለሁ። ሌላው የማይታይ ወጪ ዳታን ከክላውዱ የማውጣት ክፍያ ነው። ማስገባት ብዙውን ጊዜ በነጻ ነው፤ ማውጣት ግን በጊጋባይት ይታሰባል። የመጋዘን ካሜራ ቪዲዮ ክላውድ ላይ የምትጭኑ ሰዎች ይህን ሳታዩ አትፈርሙ።

ሰርቨሩ አዲስ አበባ ሆነ ኬፕታውን፣ ከሸሕዲ ወደ ጎንደር የሚሄደው መስመር ከተቆረጠ ለእኛ ልዩነት የለውም። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት እንደቆየ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ በጥር 2016 ሱዳን ውስጥ ኔትወርክ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። የዓለም ትልቁ አቅራቢም ቢሆን አይቆምም ማለት አይደለም፤ ጥቅምት 10 ቀን 2018 የአማዞን የቨርጂኒያ ማዕከል ችግር ገጥሞት ሲግናልና ስናፕቻትን የመሰሉ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተቋረጡ። ጥቅምት እኛ ዘንድ የሰሊጥ መሰብሰቢያ ነው። የጫነው መኪና በር ላይ ቆሞ፣ የቀን ሠራተኛው ሒሳቡን እየጠበቀ «ሲስተም የለም» ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሲስተም የሚሠራላችሁን ባለሙያ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «ኢንተርኔት ሳይኖር መመዝገብ ይችላል?» የእርዳታ ድርጅቶች መጠይቅ የሚሞሉበት ኮቦ የተሞላውን ስልኩ ላይ ያስቀምጥና መስመር ሲገኝ ይልካል። የሚዛን መዝገብም በዚሁ መንገድ ሊሠራ ይችላል። ላፕቶፑ ላይ ይመዘገባል፣ ደረሰኙ እዚያው ይታተማል፣ ማታ መስመር ሲመጣ ወደ ክላውዱ ይሄዳል። ሁለት ሚዛን ካላችሁ ደግሞ የደረሰኝ ቁጥራቸው እንዳይጋጭ ለእያንዳንዱ የተለየ መነሻ ፊደል ይሰጠው፤ ያለዚያ መዝገቡ ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ሊሽር ይችላል።

የገበሬና የሠራተኛ ስም፣ ስልክና የባንክ ቁጥር የያዘ መዝገብ ያላችሁ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እናንተንም ይመለከታል። መረጃው ከአገር ሲወጣ የሚጠበቁ ሁኔታዎች ስላሉት ሰርቨራችሁ የት አገር እንዳለ እወቁ።

ሲስተም የምትቀይሩበትንና ባክአፑን የምትሞክሩበትን ጊዜ ደግሞ ምረጡ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን፣ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ያወጡበትን፣ አስታውሱ። ባንኩ ራሱ እንዳስረዳው መነሻው የሲስተም ማሻሻያ ነበር። ሰሊጥ ሊገባ ሲል ሲስተም አትቀይሩ። ነሐሴ ላይ፣ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ እጃችሁ ሳይያዝ፣ ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ያለፈው ዓመት የአንድ ገበሬ ሒሳብ እስከ መጨረሻዋ ኪሎ ወጥቶ ከወረቀት ደረሰኙ ጋር ከገጠመ ባክአፕ አላችሁ። ካልገጠመ እስከ መስከረም የምታስተካክሉበት ጊዜ አላችሁ፤ የትኛው ላይ እንደተቸገራችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።