ኢቃማ ብቻውን ዋስትና አይሆንም

ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለሥራ የሄደ ወንድማችን ኢቃማ ሲይዝ ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ፣ ነገሩ ተሟላ» ይላል። ይሁንና በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበት የሚታከምበትና ካሳ የሚያገኝበት መንገድ በአገሩ የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት መመዝገቡ ነው። ይህ ምዝገባ ለኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ጡረታ አያስገኝም፤ የሥራ ላይ አደጋ ዋስትና ግን ይሰጠዋል። የሚያስመዘግበው አሠሪው ነው፤ የደመወዙን 2 በመቶ የሚከፍለውም እርሱው እንጂ ሠራተኛው አይደለም። ስለዚህ «ተመዝግቤያለሁን? የተመዘገበው ደመወዜስ ከውሌ ጋር አንድ ነውን?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

በቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ እህቶቻችንን ግን ይህ ዋስትና አያቅፋቸውም። የእነርሱ መያዣ ውላቸው ነውና ከመፈረሙ በፊት በሚገባ ይነበብ፤ ቅጂውም በቤተሰብ እጅ ይቀመጥ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍ አዟል። የሠራተኛ ሐቅም በአሠሪው ላይ ያለ ዕዳ ነው።