በበዓል ሰሞን ከመጠጥ ስለሚገኘው ካሎሪ

በመርካቶ ገበያ የታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች መሆናቸውን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። ስለዚህም በዚህ ሰፈር የበዓል ሰሞን በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ጌሾና ማር ይሸመታል፤ ለዒድ አልፈጥርና ለአረፋ ደግሞ ስኳሩ፣ ተምሩና ለቀሪቦ የሚሆነው ገብስ ይፈለጋል። ጎረቤትም ጎረቤቱን ስለሚጠራ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊም ወዳጁ ብርዝና ቀሪቦ ለይቶ ያዘጋጃል። ይህ ልማድ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። በዚህ ወር ልንነጋገርበት የፈለግነው ግን በብርሌውና በብርጭቆው ሳይቆጠር ስለሚገባው ካሎሪ ነው።

ካሎሪ ማለት ምግብና መጠጥ ለሰውነታችን የሚሰጡት የሙቀትና የጉልበት መለኪያ ነው። 1 ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ያህል፣ 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ 1 ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ይሰጣል። እንግዲህ አልኮል በዚህ ረገድ ከስኳር ይልቅ ለቅባት የቀረበ ነው። ብዙ ሰዎች ጠጁ ሲፈላ ጣፋጭነቱ ስለሚቀንስ ማወፈሩም አብሮ የሚጠፋ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ እርሾው የማሩን ስኳር ወደ አልኮል በለወጠው ጊዜ ከስኳሩ ኃይል ከ10 እጅ 9ኙ ያህል በአልኮሉ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

የሒሳብ መምህራን የሚከተለውን ለተማሪዎቻቸው ቢያቀርቡት ደስ ይለናል። 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርሌ ውስጥ ከመቶ 10 እጅ አልኮል ያለው ጠጅ ቢሞላ፣ አልኮሉ 25 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አልኮል ከውሃ ስለሚቀል ይህ 20 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በ7 ሲባዛም 140 ካሎሪ ይሆናል። ሳይፈላ የቀረው ማር ገና አልተቆጠረም። ከመቶ 5 እጅ አልኮል ያለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራም ከዚሁ የሚቀራረብ ነው። ከመቶ 40 እጅ አልኮል ያለው አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብቻ 110 ካሎሪ ይሰጣል። የጠላና የጠጅ ብርታት ግን ከቤት ቤት ስለሚለያይ ቁጥሩ ለግምት ያህል ነው።

3 ብርሌ ጠጅ የጠጣ ሰው እንግዲህ ከ400 ካሎሪ በላይ ወስዷል፤ ይህን ለማቃጠል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ያስፈልገዋል። በመርካቶ ጆንያ ተሸክሞ የሚውለው ሰው በሥራው ያቃጥለው ይሆናል፤ በሱቁ በርጩማ ላይ የሚውለው ነጋዴና ደብተር ሲያርም የሚያመሸው መምህር ግን የት ያደርሱታል? ከዚህም በላይ ጉበት አልኮልን ማከማቸት ስለማይችል እርሱን አስቀድሞ ያቃጥላል፤ በዚያው ማዕድ የተበላው የዶሮ ወጥ ቅቤ ተራውን እየጠበቀ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል።

አልኮል በማይገባበት ቤት ጉዳዩ የስኳር ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ የማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ስኳርም ጭምር፣ በቀን ከሚወሰደው ካሎሪ ከ10 እጅ 1 እጅ እንዲያንስ መክሯል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ 50 ግራም ነው። ሁለት ጠርሙስ ከልኩ ያሳልፋል ማለት ነው። ቀሪቦም በስኳርና በእርሾ ስለሚዘጋጅ በቆየ ቁጥር አልኮል ያወጣል፤ ጨርሶ አልኮል ለማይፈልግ እንግዳና ለሕፃናት ወዲያው የተበጠበጠ፣ ማሩ ያልበዛበት ብርዝ ይሻላል።

የመስተንግዶአችንም ነገር አለ። አስተናጋጁ ብርሌው ሳይጎድል «በሞቴ» እያለ ስለሚሞላ፣ ጠጪው ስንት እንደ ጠጣ ቢጠየቅ «አንድ ብቻ» ይላል፤ እውነትም አንድ ብርሌ ነበረ! ብርሌው ሳያልቅ እንዳይሞላ ማድረግና ከእያንዳንዱ በኋላ ውሃ መጠጣት ቁጥሩን ለማወቅ ይረዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የስኳር ሕመምተኛው ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር ኪኒኖችን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ አልኮል ቢጠጣ፣ ጉበቱ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ስለሚያቋርጥ ከሰዓታት በኋላ እንኳ የደሙ ስኳር ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይምታታል። የቤት ሰዎች ሰክሯል ብለው እንዲተኛ ይተዉታል፤ በዚህም ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ መስጠት፣ ሲሻለውም ምግብ ማብላት ያስፈልጋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡት በጎኑ አስተኝተው፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የሚወስደውንም መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ።