የማያድገው ልጅና ያደገው ተመልካች

በአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታይ «ዘ ሲምፕሰንስ» የሚባል የሥዕል ፊልም አለ። ደራሲው ማት ግሬኒንግ ለባለታሪኮቹ የገዛ ወላጆቹንና የእኅቶቹን ስም አውሷቸዋል። ፊልሙ ከ700 ክፍል በላይ ሲዘልቅ ትልቁ ልጅ ባርት ከ10 ዓመቱ ፈቀቅ አላለም፤ እኛ ግን አድገናል። በልጅነታችን ከባርት ጋር ወግነን፥ በሥራ ሰዓት በሚያንቀላፋው አባቱ በሆመር እንስቅ ነበር። ደመወዝ መቀበል ከጀመርን ወዲህ ግን ዓይናችን ወደ አባትየው ዞረ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በታየው አንድ ክፍል ሆመር የሚጠላውን የአቶም ኃይል ማመንጫ ሥራ ትቶ፥ ደስ በሚለው የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ሦስተኛዋ ልጁ ማጊ ስትፀነስ ግን ገቢው አልበቃ አለና ለምኖ ተመለሰ። አለቃውም ከዚያ ለዘለዓለም እንደማይወጣ የሚያሳስብ ጽሑፍ ከፊቱ ሰቀለበት። ሆመር ጽሑፉን አልነቀለውም፤ የማጊን ፎቶግራፎች በላዩ ለጣጠፈበት። ሳይሸፈኑ የቀሩት ፊደላት ለእርስዋ ሲል እንዲሠራ የሚነግሩት ሆኑ።

አንባቢ ሆይ፥ ስንስቅበት የኖርነውን ሰው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በየአባቶቻችን የሥራ ጠረጴዛ ፊትስ ምን ተጽፎ ኖሯል? በማንስ ፎቶግራፍ ተሸፍኖ ይሆን?