ማርሽ አልገባ ሲል

የሞተር ሳይክል ነጂ የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ የሚያቋርጠውን ፍሪሲዮን በግራ እጁ ጨብጦ በግራ እግሩ ጫፍ የማርሹን መርገጫ ሲያነሣ፣ ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ጊዜ ከቅጽበተ ዓይን የማይበልጥ ስለሆነ፣ ከእግሩ ሥር ካምቢዮ በሚባለው የማርሽ ሳጥን፣ በዘይት ውስጥ የሚኖረው ብረት ስንት ሥራ እንደሚፈጽምለት ሳያስብ ብዙ ዘመን ሊነዳ ይችላል፤ ማሰብ የሚጀምረው ሁለተኛው ማርሽ እንቢ ያለው ዕለት፣ ወይም ገብቶ ሳለ በዳገት መካከል አፈትልኮ የወጣበት ዕለት ነው። ያን ጊዜም ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ካምቢዮው አልቋል» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ያለ ምስክር የሚፈረድ መሆኑን በገዛ ሞተሬ ስለተማርሁ፣ የዚህን ዕቃ ጠባይና የሕመሙን አመራመር ላላወቀው አንባቢ ማስተዋወቅ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

በካምቢዮው ውስጥ ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ በእነርሱ ላይ የተሰኩት ባለጥርስ መንኮራኩሮችም ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ነጂው የትኛውንም ማርሽ ቢያስገባ፣ ዘወትር እንደተነካከሱ ይኖራሉ። ማርሽ መለወጥ ማለት እንግዲህ ብዙ ሰው እንደሚመስለው አንዱን መንኮራኩር ከባልንጀራው አላቅቆ ከሌላ ጋር ማጋጠም ሳይሆን፣ በዘንጉ ላይ እንደ ልቡ የሚዞረውን መንኮራኩር ከዘንጉ ጋር ማሰር ነው። ለዚህም በመንኮራኩሮቹ ጎን ወፋፍራም ጥርሶች ወጥተዋል፤ አንዱ መንኮራኩር በሹካ ተገፍቶ ወደ ጎረቤቱ ሲንሸራተት፣ እነዚህ የጎን ጥርሶች በጎረቤቱ ቀዳዳ ገብተው ይቆለፋሉ። ሹካዎቹን የሚመራቸው ደግሞ በገላው ላይ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት፣ ከበሮ የሚመስል ብረት ሲሆን፣ መርገጫው በተመታ ቁጥር አንድ እርምጃ ብቻ ይዞራል። በአንድ ምት አንድ ማርሽ ብቻ የሚለውጠውን ይህን ሥልት ቬሎሴት የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ አወጣው፤ የፈለሰፈውም የፋብሪካው መሐንዲስ ሃሮልድ ዊሊስ ነበር። ከዚያ በፊት አብዛኛው ነጂ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ በቤንዚኑ ማጠራቀሚያ አጠገብ ያለውን ዘንግ መግፋትና መሳብ ነበረበት።

የእኔ ሞተር ባለ 125 ሲሲ ነበረ፤ ማርሹ ሁሉ እየከበደ ሄዶ፣ በመጨረሻ ቆሜ ዜሮን፣ ማለትም ማርሽ ያልገባበትን ቦታ፣ ለማግኘት መርገጫውን አሥር ጊዜ ያህል እመታ ጀመርሁ። መጀመሪያ ያሳየሁት ጋራዥ ሞተሩ ለሁለት ተከፍሎ ካምቢዮው ይውጣ አለኝ። ዋጋው ስላስደነገጠኝ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድሁት፤ እርሳቸውም ከመፍቻ በፊት ጥያቄ አነሡ። «ልጄ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሹ ይገባል?» አሉኝ። «አዎን ጋሼ፣ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከገፋሁት በደንብ ይገባል» አልኋቸው። «እንግዲያው እግርህን ተወውና እጅህን እንይ።» ሞተሩን አሙቀው፣ በመካከለኛ መቆሚያው የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲነሣ አድርገው፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጠው አንደኛ አስገቡ። ጎማው ግን መቆም ወይም ቢበዛ በዝግታ መዞር ሲገባው በኃይል ዞረ፤ ፍሬኑን ሲረግጡበትም ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ነበርና፣ የሞተሩ ጉልበት ሳይቋረጥ የጎን ጥርሶቹ ከቀዳዳቸው እንዲላቀቁ እኔ በእግሬ ስታገል ኖሬአለሁ።

የፍሪሲዮኑን መጨበጫ በጣታቸው ሳብ አደረጉት፤ ሽቦው ከመወጠሩ በፊት ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ባዶውን ሄደ። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ይህ ልል ቦታ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል። ሽቦውን ሲያጠብቁት ሕመሙ በከፊል ቀለለ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተወም፤ ስለዚህ ዘይቱን አፍስሰው የጎኑን ክዳን ከፈቱ። ሸካራዎቹንና የብረት ዲስኮቹን አከታትለው አወጡና፣ ዲስኮቹን ያቀፈውን የአሉሚኒየም ቅርጫት ወደ ብርሃን አዙረው «ጥፍርህን አሳልፍበት» አሉኝ። አሳለፍሁ፤ ለስላሳ መሆን በሚገባው በእያንዳንዱ የቅርጫቱ ጣት ጠርዝ ላይ ጥፍሬ ተደናቀፈ። የዲስኮቹ ጆሮዎች ዓመት ከዓመት ሲመቱት ቦይ ቆፍረውበት ኖሮ፣ ፍሪሲዮኑ ሲጨበጥ ዲስኮቹ በዚያ ቦይ እየተያዙ እርስ በርሳቸው አይላቀቁም። ቦዩ ጥልቅ ስላልነበረ፣ በቀጭን ሞረድ፣ በሁሉም ጣት እኩል እየቈጠሩ ሞረዱት፤ ጥልቅ ቢሆን ኖሮ ቅርጫቱ መለወጥ ነበረበት። የብረት ዲስኮቹንም በመስታወት ላይ አንድ በአንድ አጋድመው መጣመም አለመጣመማቸውን መረመሩ።

ዘይትም በዚህ ሥፍራ መታሰብ አለበት፤ በአብዛኛው የዛሬ ሞተር ሳይክል ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው አንድ ዘይት ስለሚጋሩ፣ ልስላሴ ለመጨመር ቅመም የገባበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ከልክ በላይ የወፈረም ዲስኮቹን ያጣብቃል። በቆርቆሮው ላይ፣ ዘይቱ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የሚስማማ መሆኑን የሚያመለክተውን ጃሶ ኤምኤ የሚለውን ምልክት መፈለግ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ፍሪሲዮኑ ከጥፋት ነጻ ሆኖ ከተገኘ ምርመራው ወደ መርገጫው ይሻገራል። መርገጫው በዘንጉ ላይ ላልቶ ይዋልል እንደሆነ ቡሎኑን ማጥበቅ፣ ተመትቶ ወደ ቦታው ካልተመለሰ የመመለሻውን ሞላ ማየት፣ በየማርሹ መካከል ሐሰተኛ ዜሮ ከበዛ ደግሞ ከበሮውን በየእርምጃው የሚያቆመው ባለሞላ ክንድ ደክሞ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል፤ እነዚህ በብዙ ሞተሮች ከክዳኑ ሥር ስለሚገኙ ካምቢዮውን መበተን አያሻም።

በእውነት የካምቢዮው የሆነው ሕመም አንድ ማርሽ ብቻ፣ ይልቁንም ጉልበት ሲሰጠው፣ ተስፈንጥሮ ሲወጣ ነው። የጎን ጥርሶቹ ሲሠሩ ጥቂት ወደ ውስጥ ያዘነበሉ በመሆናቸው ጭነቱ እርስ በርስ ይስባቸዋል፤ ጠርዛቸው ሲዶለዱም ያው ጭነት ይገፋቸዋል። ነጂው በግማሽ ምት የማስገባት ልማድ ካለው ደግሞ ጥፋቱ ይፋጠናል። ሹካውም ዘወትር ሊይዝ ሲታገል ይጣመማል፤ ጫፉ በሙቀት ወደ ሰማያዊ የተለወጠ ሹካ የዚህ ትግል ምስክር ነው። እንዲህ ሲሆን ሞተሩን ለሁለት ከመክፈል ማምለጫ የለም፤ ከተከፈለም በኋላ አዲሱን መንኮራኩር ከዶለዶመ ባልንጀራው ጋር ማጋጠም አዲሱንም ማስበላት ስለሆነ፣ ጥንዱን ከሹካው ጋር በአንድነት መለወጥ ይሻላል።

ሽማግሌው ክዳኑን በአዲስ ጓርኒሲዮን ገጥመው ዘይቱን ከሞሉ በኋላ እንደገና ፍሪሲዮኑን ጨብጠው አንደኛ አስገቡ፤ በዝግታ ይዞር የነበረው ጎማ ፍሬኑን ዳሰስ ሲያደርጉት ቆመ፣ ሞተሩም ሳይጠፋ መሥራቱን ቀጠለ። ካምቢዮው እስከ ዛሬ አልተከፈተም።