ከውጤቱ ውስጥ የመምህሩ ድርሻ ስንት ነው?

ብዙዎቻችን የእንጦጦን ተራራ የምናውቀው በባሕር ዛፉ፣ በማለዳ ሯጮቹና በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው ፓርክ ነው። በዚያው ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ይገኛሉ። በቴሌስኮፑ ካሜራ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ግን ሁሉም የኮከቡ አይደለም። ከታች የተንጣለለው የአዲስ አበባ መብራትና ጨረቃ የየራሳቸውን ይጨምራሉ፤ ከባቢ አየሩ ደግሞ ከኮከቡ ብርሃን ጥቂቱን ያስቀራል። ስለዚህ ተመራማሪው አስቀድሞ የሰማዩን ብርሃን ለክቶ ይቀንሳል፤ ብሩህነቱ ከታወቀ ሌላ ኮከብ ጋር ያነጻጽራል። የኮከቡን ብሩህነት በቁጥር የሚያስቀምጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከተራራው ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ለበርካታ ዓመታት መምህራንን ሲያሠለጥን የኖረው የኮተቤው ተቋም በ2014 ዓ.ም. ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተቋቁሟል። ተልእኮውም በመምህራንና በትምህርት ቤት አመራር ሥልጠና ላይ እንዲያተኩር ተደርጓል። ሠልጥኖ የወጣው መምህር በክፍል ውስጥ ውጤታማ መሆኑን በምን እናውቃለን? ውድ አንባቢ፣ ይህ ጥያቄ ከላይ ካለው የኮከብ ልኬት ጋር በባሕርዩ አንድ ነው። የተማሪው ውጤት የብዙ ነገሮች ድምር ሲሆን፣ እኛ የምንፈልገው ከድምሩ ውስጥ የአንዱን ድርሻ ነው።

አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ። ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት ያለፈው 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። ዜናውን የሰማ ሁሉ በመጀመሪያ ጣቱን የቀሰረው በመምህሩና በርዕሰ መምህሩ ላይ ነበር።

ከመፍረዳችን በፊት ትንሽ እናስላ። እያንዳንዱ ተማሪ የማለፍ ዕድሉ ልክ እንደ አገሪቱ አማካይ 3.3 በመቶ ነው እንበል፤ የአንዱ ውጤትም በሌላው ላይ ተጽዕኖ የለውም ብለን እንነሣ። አንድ ተማሪ ያለማለፍ ዕድሉ 0.967 ይሆናል። 20 ተማሪዎች ባስፈተነ ትምህርት ቤት ሁሉም የመውደቃቸው ዕድል 0.967 በራሱ 20 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 0.51 ገደማ። አነስተኛው ትምህርት ቤት ከሌላው ምንም ሳያንስ ከሁለት አንድ ጊዜ “ዜሮ” ተብሎ ይመዘገባል ማለት ነው። 100 ተማሪዎች ካስፈተነ ግን ዕድሉ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል፤ 300 ካስፈተነ ደግሞ ከ100,000 ውስጥ 4 ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተፈታኞቹን ቁጥር ለትምህርት ቤቶቹ ብናካፍል ለአንድ ትምህርት ቤት በአማካይ 300 ያህል ተማሪ ይደርሳል። ስለዚህ የጥቂት ትናንሽ ትምህርት ቤቶችን ዜሮ በአጋጣሚ ማብራራት ቢቻልም፣ የ1,161 ትምህርት ቤቶችን ዜሮ “ዕድል ነው” ብሎ ማለፍ አይቻልም። በትምህርት ቤቶች መካከል እውነተኛ ልዩነት አለ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። በሌላው ጫፍ ሁሉንም ተማሪዎቻቸውን ካሳለፉት እጅግ ጥቂት ትምህርት ቤቶች መካከል ተማሪዎቻቸውን በፈተና መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። እነዚህ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ በር ሲገቡ የነበሩበት ደረጃ ሌላው ተማሪ ሲወጣ ካለበት ደረጃ ሊበልጥ ይችላል።

ከታችኛው ክፍል የሚመጣውም ሸክም ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ክህሎት ጥናት ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ገደማ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከእነዚህ ሕፃናት ትምህርታቸውን ያላቋረጡት ከዐሥር ዓመት በኋላ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ የሚያስተምራቸው የፊዚክስ መምህር የሚጠየቀው ስለየትኛው ጉድለት ነው?

የኮርማው ስሌት

በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ሞክሯል። መልሱን ያመነጨው በግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ስታቲስቲክስ ባለሙያ የነበረው ዊልያም ሳንደርስ ሲሆን፣ የተጠቀመበት ስሌት በከብት እርባታ የዳበረ ነው። ኮርማ አይታለብም፤ የወተት ዝርያነቱ የሚታወቀው በሴት ልጆቹ የወተት መጠን ነው። ልጆቹ ግን በተለያየ በረት፣ በተለያየ መኖ ያደጉ ስለሆነ የበረቱና የመኖው ድርሻ ተለይቶ መቀነስ አለበት። መምህሩም ለፈተና አይቀመጥም፤ የሥራው ፍሬ የሚታየው በተማሪዎቹ ነው።

ስሌቱ የተጨማሪ እሴት ስሌት ይባላል፤ ስሙን ከግብሩ ጋር እንዳናምታታው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በአንዲት መምህርት ክፍል ተማሪዎች በመስከረም በአማካይ 31 ነጥብ ነበራቸው፤ በሰኔ 44 ደረሱ። በሌላው መምህር ክፍል 63 የነበረው 67 ሆነ። የሰኔውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሁለተኛውን ይሸልማል፤ እድገቱን የሚያይ ግን ወደ መጀመሪያዋ ያዘነብላል። ሁለቱ ፈተናዎች በአንድ ሚዛን የሚለኩ መሆናቸው ግን ግዴታ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ስሌቱ ሹመትና ደመወዝ ሲወስን ነው። በአንድ ክፍል 36 ተማሪዎች አሉ፤ የእድገት ነጥባቸው መደበኛ ልይይትም 12 ነው እንበል። የክፍሉ አማካይ ውጤት የሚወዛወዝበት መጠን 12 ለ36 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ6 ተካፍሎ 2 ነጥብ ይሆናል። ሁለት መምህራንን ስናወዳድር የሁለቱም ውዝዋዜ ተደምሮ ወደ 2.8 ነጥብ ይደርሳል። በመካከላቸው የታየው ልዩነት 3 ነጥብ ከሆነ ማን እንደሚበልጥ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ አብዛኞቹ ጥናቶች ከተማሪዎች የውጤት ልዩነት ውስጥ የመምህራንን ድርሻ ከ1 እስከ 14 በመቶ እንደሚያደርሱት አስታውቋል። ይህ ማለት መምህር ባይኖር ተማሪው የትምህርቱን 86 በመቶ ያገኛል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ የሚመለከተው ሁሉም መምህር ባላቸው ተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ይህን ቁጥር መምህራንን ለማጣጣል የሚጠቅሱ ሰዎች አንብበው የጨረሱት አይመስለኝም።

ስሌቱ ምስጢር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። የሂዩስተን ከተማ መምህራን ነጥባቸው የወጣበትን የግል ኩባንያ ቀመር ማየት ባለመቻላቸው ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የፌደራል ፍርድ ቤት ነጥቡን ማረጋገጥ አለመቻላቸውን በሚመለከት ክሱ እንዲቀጥል ወሰነ።

የእኛው መመዘኛ

በአገራችን መምህሩ ከጀማሪ መምህርነት እስከ ከፍተኛ መሪ መምህርነት የሚወጣበት የደረጃ እድገት መሰላል አለው። የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የጽሑፍ ምዘና ይወስዳል፤ ማኅደረ ተግባሩንም ያቀርባል። ትምህርት ቤቶች ደግሞ በ26 ስታንዳርዶች እየተመዘኑ ከ1 እስከ 4 ደረጃ የሚሰጣቸው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ተዘርግቷል፤ በዚህ ማዕቀፍ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ለሂደት፣ ማለትም ክፍል ውስጥ ለሚሆነው ነገር፣ 35 በመቶ መሰጠቱ መልካም ነው። ከባዱ 40 በመቶ ግን የተማሪውን መነሻ ካልቀነሰ የሰማዩን ብርሃን ከኮከቡ ጋር እንደ መቁጠር ነው።

መነሻውን መለካት ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው “ያንግ ላይቭስ” ጥናት በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ተማሪዎችን በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ በሒሳብና በንባብ ፈትኗል። ዓላማውም በአንድ ዓመት ውስጥ የተጨመረውን ዕውቀት ማየት ነበር። የጥናቱ ፈተና በተማሪውም በመምህሩም ላይ የሚያስከትለው ነገር ስላልነበረ ውጤቱን ለማሳመር የሚገፋፋ ምክንያት አልነበረም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱ አስቀድሞ በመሰራጨቱ በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና መቋረጡን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ብዙ ነገር የተንጠለጠለበት መለኪያ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚበላሽ አይጠፋውም።

የርዕሰ መምህሩ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። እርሱ በተማሪው ላይ የሚሠራው በመምህራኑ በኩል ነው፤ ለፍሬውም ዓመታት ያስፈልጋሉ። 9ኛ ክፍል የተቀበላቸው ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጡት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በሁለተኛው ዓመት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ከተዛወረ ውጤቱ በማን ስም ይመዘገባል? ተተኪው የቀድሞውን ድካም ይወርሳል ወይም የቀድሞውን ስንፍና ይሸከማል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ርዕሰ መምህርን በአንድ ዓመት የማለፊያ መጠን መሾምም ሆነ መሻር በስሌት ሊደገፍ አይችልም። የመምህራኑን ክፍል ምን ያህል ጊዜ እንደጎበኘ፣ ከጉብኝቱ በኋላ ምን እንደተለወጠ፣ መምህራኑ ለምን እንደሚለቁና ለምን እንደሚቆዩ መመልከት ይቀላል፤ ለእውነቱም ይቀርባል።

ለእድገት ስሌት የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ በከፊል በእጃችን ነው። ተማሪው በ6ኛ፣ በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ይፈተናል። የጎደለው የአንድን ተማሪ ሦስት ውጤቶች የሚያገናኝ ቋሚ መለያ ቁጥርና የፈተናዎቹ የጋራ ሚዛን ነው። በ2018 ዓ.ም. 8ኛ ክፍልን የሚፈተን የየካ ልጅ፣ ክፍል ካልደገመ፣ 12ኛ ክፍልን የሚፈተነው በ2022 ዓ.ም. ነው። የዛሬ ውጤቱ እስከዚያ በስሙ ተጠብቆ ከቆየ፣ የቀረው ሒሳብ አንድ የሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ነው።