ሰንጢ ሲጠብቅ፦ አከፋፈቱን የሚያለሰልሱ መንገዶች

ሰንጢ ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባ የኪስ ቢላዋ ነው። አከፋፈቱን የሚወስኑት ስለቱ የሚዞርበት ፔርኖ፣ በስለቱና በእጀታው መካከል ግራና ቀኝ የሚገቡት ሮንዴላዎች፣ ስለቱን የሚይዘው ሞላ ወይም መቆለፊያ፣ እንዲሁም ጣት የሚያርፍበት ቦታ ናቸው። ጥሩ ሰንጢ ሳይንገጫገጭ ይከፈታል፤ ተዘግቶ ኪስ ውስጥ ሳለ በራሱ አይከፈትም፤ ተከፍቶም ወደ ጎን አይወላወልም። አከፋፈትን ማሻሻል እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ማግኘት ነው። ስለቱን ማላላት ብቻውን ማሻሻል አይባልም።

ሰንጢዎች ስለቱን በሚይዙበት መንገድ ይለያያሉ። ስዊዘርላንዳዊው ካርል ኤልስነር በ1897 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበውና ዛሬ በቪክቶሪኖክስ ስም በሚታወቀው ሰንጢ ላይ፣ ሞላው ከጀርባ ሆኖ የስለቱን ሥር ይጫናል። ፔርኖው ተቀጥቅጦ የታሰረ ስለሆነ በካቻቪቴ አይፈታም። ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 በፈረንሳይ ሳቮዋ የሠራው ሰንጢ ደግሞ ሞላ የለውም፤ ስለቱ የሚያዘው በእንጨት እጀታው ሰበቃ ነው። ተከፍቶ ሲቆም የሚቆልፈው የሚሽከረከር ቀለበት በ1955 ተጨመረለት። የአሜሪካው ስፓይደርኮ በ1981 ያወጣው ሰንጢ ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ስላለው በአንድ እጅ አውራ ጣት ይከፈታል። በዚህ መንገድ የሚሠሩ አብዛኞቹ የዛሬ ሰንጢዎች በብሎን የተያያዙ ስለሆኑ ይፈታሉ፣ ይስተካከላሉ።

ሰንጢ በአብዛኛው የሚጠብቀው በቆሻሻ ነው። የኪስ ብናኝና አቧራ ከአሮጌ ቅባት ጋር ተለውሶ በፔርኖው ዙሪያ ይጋገራል። ከዚያ ቀጥሎ ዝገት፣ ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎንና ሻካራ ሮንዴላ ይመጣሉ። ስለዚህ ሥራው ከቀላሉ ይጀምራል።

በመጀመሪያ የስለቱ አፍ በፕላስተር ይሸፈናል። እጀታው እንጨት ካልሆነ ሰንጢው ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ውስጥ ሆኖ ደጋግሞ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ውስጡ በጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል። ከዚያ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ የቀረ ውኃ ዝገት ያመጣል። በመጨረሻ ፔርኖው አጠገብ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ይደረግበትና ስለቱን በመክፈትና በመዝጋት እንዲሰርግ ይደረጋል። ሰንጢው ምግብ የሚቆርጥ ከሆነ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ፓራፊን ዘይት ይሻላል። የምግብ ዘይት ሲቆይ ስለሚጣበቅ አይመከርም። ዘይት ማብዛትም አቧራ ይስባል። ብዙ ሰንጢ ከዚህ የበለጠ ሥራ አይፈልግም።

ጽዳቱ ካልበቃ የፔርኖው ብሎን ይታያል። ብሎኑ በጣም በትንሹ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ እየላላ ስለቱ በየጊዜው ይፈተሻል። ስለቱን ከፍቶ፣ ጀርባውን በሁለት ጣት ይዞ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ በቂ ፈተና ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ብሎኑ ከልክ በላይ ላልቷል። ተዘግቶ ሲታይም ስለቱ ከሁለቱ የእጀታ ጎኖች እኩል መራቅ አለበት። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ብሎኑ በራሱ እንዳይላላ ጥርሱ ላይ ጥቂት የብሎን ማጣበቂያ ይቀባል። ማጣበቂያው ወደ ሮንዴላው ከፈሰሰ ግን ስለቱን ራሱን ያጣብቀዋል።

ሦስተኛው ደረጃ ፈትቶ ማለስለስ ነው። ሲፈታ የእያንዳንዱ ሮንዴላ ቦታና ፊት ምልክት ይደረግበታል። የነሐስ ሮንዴላ ከሆነ፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ 1000፣ ቀጥሎም 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተዘርግቶ ውኃ ይነካዋል፤ ሮንዴላው በጣት ቀስ ተብሎ እየተጫነ በላዩ ይዞራል። ዓላማው ጭረቱን ማጥፋት ስለሆነ ብዙ መፋቅ አያስፈልግም፤ ሮንዴላው ከሳሳ ስለቱ ይወላወላል። አዲስ ሰንጢ ግን ይህን ሁሉ ላይፈልግ ይችላል፤ በአገልግሎት ብቻ ሮንዴላውና ስለቱ ተፋትገው ይለሰልሳሉ። በሮንዴላ ፈንታ ኩሽኔታ የተገጠመለት ሰንጢ ይበልጥ ቀላል ሆኖ ይከፈታል፤ አሸዋና አቧራ ሲገባበት ግን ቶሎ ይንገጫገጫል።

እንደ ኦፒኔል ያለ የእንጨት እጀታ የራሱ ጠባይ አለው። እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ አብጦ ስለቱን ጨምድዶ ይይዛል። በሳቮዋ የተለመደው መላ የእጀታውን ጫፍ ጠንካራ ነገር ላይ መታ በማድረግ ስለቱን ብቅ ማድረግ ነው። ዘላቂው መፍትሔ ሰንጢውን ውኃ ውስጥ አለመዘፍዘፍ፣ ከረጠበ ከእሳትና ከኃይለኛ ፀሐይ አርቆ ቀስ ብሎ ማድረቅ፣ ከዚያም እንጨቱን የተልባ ዘይት ማጠጣት ነው።

የማይነኩ ክፍሎችም አሉ። በብዙ ዘመናዊ ሰንጢዎች መቆለፊያ ላይ የተተከለች ትንሽ የብረት ወይም የሴራሚክ ኳስ አለች። ሰንጢው ሲዘጋ ስለቱ ጎን ካለ ጉድጓድ ገብታ ስለቱን ትይዛለች። ጣት መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ተቃውሞ የእርሷ ነው። ኳሷን ማውጣት ወይም መቆለፊያውን ማጠፍ ሰንጢው ኪስ ውስጥ እንዲከፈት ያደርጋል። የመቆለፊያው ጫፍ ከስለቱ ሥር ጋር የሚገናኝበት ፊትም አይሞረድም፤ ከተሞረደ ስለቱ በሥራ መካከል ታጥፎ ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ስለቱ ቀልሎ ቢከፈትም መቆለፊያው የማይታመን ከሆነ ሰንጢው ተበላሽቷል እንጂ አልተሻሻለም።