ሌሊት መለሰን ርክክብ አያቀርብም

ከስብሰባ እንደወጣሁ ነው የምጽፈው፤ አጻጻፌ ቢዘበራረቅ ታገሡኝ። የዘገየ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ አለ። ባለቤቱ ተቆጥቷል፣ ቢቆጣም እውነት አለው። ተቋራጩ «የማካካሻ ዕቅድ» ብሎ ያቀረበው የሌሊት ፈረቃ ነው። ለምን ሥራ? ለልስን! አማካሪው ተስማማ፣ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ።

ሕንፃውን የያዘው ልስን አይደለም፣ ሊፍት ነው። አቅራቢው ማምረት የሚጀምረው የሊፍት ጉድጓዱ ልኬት ያለበት የሥራ ሥዕል ሲጸድቅለትና ቅድሚያ ክፍያ ሲገባለት ነው። ከዚያ በኋላ ማምረቻው፣ መርከቡ፣ ጉምሩኩ፣ ተከላውና ሙከራው ወራት ይወስዳሉ። ሥዕሉ አሁንም ሳይጸድቅ አማካሪው ቢሮ ተቀምጧል። እሱን አይቶ መፈረም ተጨማሪ ሠራተኛ አይጠይቅም፣ ናፍጣ አይጠይቅም። ዛሬ የተነሳው ግን ሰው ወረቀቱን መሰብሰብ ከጀመረ በኋላ፣ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ላይ ነው።

ሳይቱ ላይ የሚሆነውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ጄኔሬተር ተነስቶ፣ ፓውዛ ተተክሎ ሦስተኛ ፎቅ ሲለሰን ያድራል። ጠዋት ኤሌክትሪሻኖቹ መሮና መዶሻ ይዘው ይመጣሉ። ቱቦው ዘግይቶ ስለደረሰ ያልደረቀውን ልስን ይፈለፍሉታል፤ ለሳኙም ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ይደፍናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት በ1.75 እጥፍ ይከፈላል። በዚያ ሂሳብ የተለሰነ ግድግዳ ነው በማግስቱ የሚፈርሰው።

እንግዲህ በተራ ላስረዳ።

1. ክሪቲካል ፓዝ የመጣው ባለቀለም ሰንጠረዥ ለመሳል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 የዱፖንቱ ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ ሲነሱ ጥያቄያቸው የገንዘብ ጥያቄ ነበር፦ ሥራ ሲዘገይ ሁሉንም ከማጣደፍ የትኛውን ብናጣድፍ በትንሽ ወጪ ብዙ ቀን እናተርፋለን? መልሱም ግልጽ ነው። ከመጀመሪያ እስከ ርክክብ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው የሥራ ሰንሰለት፣ ማለትም ወሳኙ መስመር (ክሪቲካል ፓዝ) ላይ ያለውን ብቻ። ከሰንሰለቱ ውጭ ያለ ሥራ መላወሻ ቀን አለው፤ እሱ ቢፈጥን የርክክቡ ቀን ንቅንቅ አይልም።

2. ሂሳቡ። ለምሳሌ እንዲሆን ቀለል ያሉ ቁጥሮች እንውሰድ። ሳይቱ በቆመም በሠራም በቀን 40,000 ብር ይበላል እንበል፦ የመሣሪያ ኪራይ፣ ጥበቃ፣ የቢሮ ሰው ደመወዝ። ልስኑን በ4 ቀን ለማሳጠር 48,000 ብር ይጠይቃል፤ በቀን 12,000 መሆኑ ነው። ለሶሌታው ሁለተኛ ዙር ጣውላና ፑንቴሎ ተከራይቶ 6 ቀን ለማሳጠር ደግሞ 150,000፤ በቀን 25,000። ስብሰባ ላይ ሁሌም የሚያሸንፈው ርካሹ ነው። ግን ልስኑ የ30 ቀን መላወሻ ካለው የተረፈው ቀን ዜሮ ነው፣ 48,000 ብሩ እንዳለ ጠፋ። ሶሌታው ወሳኙ መስመር ላይ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ቀን 25,000 ወጥቶበት 40,000 ያድናል፤ የተጣራ 15,000 ትርፍ ነው። ሶሌታውን እያሳጠርን ስንሄድ ሌላ መስመር እኩል ወሳኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለቱንም አብሮ ማሳጠር ግድ ነው። ሁለተኛው በቀን 18,000 ቢጠይቅ ድምሩ 43,000 ሆነ፣ ከ40,000 በለጠ፣ እዚያ ላይ ማቆም ነው። በቃ፣ «ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለው ነገር መነሻው ይህ ነው።

3. በገንዘብ የማይገዛ ቀንም አለ። አርማታ ጥንካሬ የሚያወጣው በራሱ ጊዜ ነው። ቀን ለማትረፍ ተብሎ ፑንቴሎ ቀድሞ ሲነቀል የምናጣድፈው ስንጥቅን ነው፣ ከዚያም የባሰ። ይህን ለባለሙያ ማብራራት አያስፈልገኝም።

4. ፐርሰንት። ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፣ ምክንያቱም ያበሳጨኝ ዋናው ነገር ይህ ነው።

«ፕሮጀክቱ 82 በመቶ ደርሷል» የሚል ዜና ስታዩ እባካችሁ «የምኑ 82?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ የተሠራው ሥራ ዋጋ ለጠቅላላው የውል ዋጋ ተካፍሎ የተገኘ ነው። ገንዘብ ደግሞ ከጊዜ ጋር እኩል አይሄድም። ስትራክቸሩ የውሉን ትልቅ ድርሻ ይዞ መጀመሪያ ይሠራል። ተቋራጩ ቶሎ ብር እጁ እንዲገባ የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ነጠላ ዋጋ ከፍ አድርጎ ይወዳደራል። ሳይት ላይ የተከመረ ፌሮ፣ ገና ሳይታሰር፣ ክፍያ ሰርተፍኬት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፐርሰንቱ መጀመሪያ ላይ ይሮጣል። የቀረችው 18 በመቶ ውስጥ ያለው ማነው? ሊፍቱ፣ ትራንስፎርመሩ፣ ፓምፑ፣ የእሳት መከላከያው። የባንክ ኤልሲ የሚከፈትላቸው፣ ዶላር የሚጠብቁ ዕቃዎች። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ውሉ ላይ የዋጋ ማስተካከያ የሌለው ተቋራጭ እነዚህን ዕቃዎች ለማዘዝ እጁ አይዘረጋም፤ ባዘዘ ቁጥር ይከስራል። ጊዜ የሚበላው እንግዲህ ከ82 በኋላ ያለው ነው።

አሁን የሌሊት ልስኑ ለምን እንደተመረጠ ተመልከቱ። ተቋራጩ ሥራውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ልስን በካሬ ይለካል፣ በሚቀጥለው ክፍያ ይገባል፣ ፐርሰንት ይጨምራል፣ ፎቶው ለሪፖርት ያምራል። የሊፍት ሥዕል ላይ የሚያርፍ ፊርማ የሚጨምረው ፐርሰንት ዜሮ ነው። በፐርሰንት የሚመዘን ተቋራጭ ፐርሰንት ያመርታል። የባለቤቱ መሥሪያ ቤት ፐርሰንት የሚጠይቀው የበላዩ ስለሚጠይቀው ነው፣ የበላዩም ከበላዩ በላይ ላለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ስላለበት ነው። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ «ወሳኙ መስመር ላይ ባለፈው ወር ስንት ቀን አገኘን፣ ስንት ቀን አጣን?» ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ አላጋጠመኝም። አንድ ጥያቄ ነው፣ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ይበቃዋል!

መርሐ ግብሩስ? ሳይት ቢሮው ግድግዳ ላይ በኤ-ስሪ ወረቀት ተለጥፏል። ፀሐይ መትቶት ቀዩ መስመር ወደ ሮዝ ተለውጧል፤ ውሉ ሲፈረም ከተሠራ ወዲህ አልተነካም። የዓለም አቀፉ ፊዲክ የግንባታ ውል (የእ.ኤ.አ. 1999 ቀይ መጽሐፍ) አንቀጽ 8.3 ተቋራጩ የሥራ ማስጀመሪያ ማስታወቂያ በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ዝርዝር መርሐ ግብር እንዲያቀርብ፣ ከእውነተኛው አፈጻጸም ጋር አልጣጣም ባለ ቁጥርም እንዲከልሰው ያስገድዳል። የእኛም ውሎች ተመሳሳይ ግዴታ አላቸው። የማይከለስ መርሐ ግብር ጉዳቱ የሚወጣው የጊዜ ማራዘሚያ ሲጠየቅ ነው። ማን ስንት ቀን እንዳዘገየ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ስለዚህ ክርክሩ በደብዳቤ ብዛት ይሆናል፣ መጨረሻው ግልግል ዳኝነት።

መርሐ ግብር ላለመከለስ «የፕሪማቬራ ሶፍትዌር ላይሰንሱ ውድ ነው» የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። የስታንፎርዱ ጆን ፎንዳል እ.ኤ.አ. በ1961 ክሪቲካል ፓዝን ያለ ኮምፒውተር፣ በእጅ፣ ለግንባታ ሰዎች እንዴት እንደሚሠራ ጽፎ ጨርሷል። «ኤአይ ፕሮጀክትህን በደቂቃ ያስተካክላል» እያላችሁ ኮርስ የምትሸጡም እባካችሁ ተዉ። ሥራዎቹ በመቶ ሲቆጠሩና ለእያንዳንዱ ብዙ የአሠራር አማራጭ ሲኖር ምርጡን ጥምረት ማግኘት ለኮምፒውተርም በጣም ከባድ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1997 በሂሳብ ተረጋግጧል፤ ተመራማሪዎች ወደ ጄኔቲክ አልጎሪዝምና መሰሎቹ የዞሩትም ለዚህ ነው። ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፣ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን የሚመገቡት የሥራ ቆይታና ዋጋ ነው። አንድ ሶሌታ ከፎርምወርክ እስከ ሙሌት በእኛ ሳይት፣ በእኛ ሰው፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ መዝግቦ የያዘ ማነው?

እዚህ ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ልምጣ። የማስተርስ ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ። «የግንባታ መዘግየት ምክንያቶች»፣ ከ1 እስከ 5 ምልክት አድርጉ። በአንጻራዊ ጠቀሜታ መለኪያ (አርአይአይ) ይደረደራል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመረቃሉ። ተመራማሪዎቹ አሳፍና አል-ሄጂ እ.ኤ.አ. በ2006 ሳዑዲ ውስጥ 73 ምክንያቶችን ዘርዝረው ተቋራጭን፣ አማካሪንና ባለቤትን ጠየቁ። ለቦታውና ለጊዜው ጠቃሚ ሥራ ነበር። ሦስቱም ወገኖች በጋራ የጠቀሱት ዋና ምክንያት የሥራ ለውጥ ትእዛዝ ነው። ያንኑ ዝርዝር ዛሬ ወስዶ አዲስ አበባ ላይ መድገም ምን ያስተምረናል? ተቋራጩ «ክፍያ ዘገየ» ይላል፣ ባለቤቱ «ተቋራጩ አቅም የለውም» ይላል፣ አማካሪው ሁለቱንም ይወቅሳል። የሰው አስተያየት ነው የተለካው፣ ቀኑ አልተለካም።

ተማሪዎቹን አልወቅስም። መጠይቅ በአጭር ጊዜ ይሞላል፣ አማካሪ መምህሩም የለመደውን ያጸድቃል፣ መረጃ የሚሰጥ መሥሪያ ቤትም ጥቂት ነው። ግን መረጃው አለ። በየሳይቱ የዕለት ውሎ መዝገብ አለ፦ ስንት ግንበኛ፣ ስንት ፌራዮ ገባ፣ ሚክሰሩ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ዝናብ ስንት ሰዓት ጣለ፣ ምን ያህል ሜትር ኩብ ተሞላ። በሁለት ወገን ተፈርሞ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። የግንባታ ተመራማሪዎቹ ግሌን ባላርድና ግሪጎሪ ሃውል የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነበር፦ በዚህ ሳምንት ይሠራል ተብሎ ቃል ከተገባው ስንቱ ተሠራ? ያገኙት መልስ ከግማሽ ብዙም የማይበልጥ ሆነ። ላስት ፕላነር የሚባለው አሠራር የተገነባው በዚህ ቆጠራ ላይ ነው። ለመቁጠር ደብተርና የሳምንት ስብሰባ ይበቃል።

ርዕስ እየፈለጋችሁ ያላችሁ ተማሪዎች፣ አንድ ሳይት ምረጡና የአንድ ዓመት የዕለት መዝገብ ወደ ኤክሴል ገልብጡ። ሶሌታ በሶሌታ የታቀደውንና የሆነውን ቀን አነጻጽሩ፣ የቆመበትን ምክንያት ከዚያው መዝገብ አውጡ። ከዚያ በወሳኙ መስመር ላይ የተወሰኑ ውሳኔዎችን አንድ በአንድ ያዙና ያወጡትን ብርና ያተረፉትን ቀን አስሉ። ሰንጠረዡን እንዴት እንደምታዋቅሩ ከተቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ባዶውን ፎርም እልክላችኋለሁ። መዝገቡን ለማግኘት የትብብር ደብዳቤ ስታጽፉ «የዕለት ውሎ ሪፖርት» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ፤ «የፕሮጀክት መረጃ» ብቻ ካላችሁ የሚሰጧችሁ የፐርሰንት ሪፖርቱን ነው።